በግንቡ ሥር የቆረጥኩት ሐረግ

ይህን ነገር እስካለፈው እሑድ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በቅዳሴ ሰዓት ስልክ መነካካቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ። ለአንድ አበባ ብዬ አባን ምን አደክማቸዋለሁ? እል ነበር። ውሸቴን ነው። ነገሩ የአበባ ብቻ እንዳልነበረ አሳምሬ አውቃለሁ።

የሆነው እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ፣ አክስቴ እትዬ ሙሉ በተከራዩት አሮጌ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ከፊት ለፊት ምግብ ቤታቸው አለ፤ እኔ ወጥ ቤቱን ይዣለሁ። ከጓሮ ደግሞ ከጎረቤታችን ከማማ ጆይ ጋር የሚያዋስነን ግንብ አለ። በዚያ ግንብ ላይ እትዬ ክሌማቲስ የሚባል ሐረግ አሳድገው ነበር፤ አበባው ወይን ጠጅ፣ ስፋቱ መዳፍ የሚያህል። ችግኙን ከመንገድ ዳር ሻጮች መርጣ ያመጣችላቸው ማማ ጆይ ናት። ሐረጉም ግንቡን ተሻግሮ በሁለቱም ግቢ ያብብ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ ሆነው የደረቀውን እየቀነጠሱ በስዋሂሊ ሲያወጉ፣ የእትዬ ሳቅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቀው አያውቁም።

እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው። እኛ ዘንድ የዚህ ተክል ዘመድ አዞ ሐረግ ይባላል፤ ማንም ሳይተክለው አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ ዞሮ የሚያየውም የለም። እዚህ ግን እንደ ልጅ ይሞላቀቃል። እግሩ ጥላ፣ ራሱ ፀሐይ ይወዳል ተብሎ ሥሩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሮለታል። ውሃው እንኳ በልክ ነው። አንድ ቀን ታዲያ አብዝቼ አጠጣሁ፤ እትዬም በደንበኞች ፊት፣ "ሂሩት፣ አንቺ ለአንድ ተክል እንኳ አትሆኚም?" አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን ቂም ያዝኩ።

በነጋታው እትዬ ገበያ ሲወጡ የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ድንጋዩን አነሳሁ። ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ቆረጥኩት። ድንጋዩን መለስኩ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

ይህ ተክል ድንገት ጠውልጎ የሚሞትበት በሽታ አለው፤ በዚያ ይሳበባል ብዬ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ግን፣ እትዬ ገበያ ሳይወጡ፣ ማማ ጆይ በግንቡ ላይ ብቅ ብላ አበቦቹን እየጠቆመች፣ "ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ" ብላ ስትቆጥር ደስታዋን አይቻለሁ። እኛ ደግሞ ያማረ ነገር በጣት ተጠቁሞ ሲቆጠር አንወድም። እትዬ ያኔውኑ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሐረጉ ከላይ እስከ ታች ሲጠወልግ፣ "ዓይን ነው! ቆጥራ በላችብኝ!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አይደለም እንዴ ሂሩት?"

"ይመስላል" አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቢላው የቆረጠው አንድ ግንድ ነው፤ እኔ በዚያች ቃል ያደረግሁትን ግን በምን ልመዝነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ከማማ ጆይ ጋር ሰላምታ አቆሙ። ለገና የላከችውን ኬክ ከነሳህኑ መለሱባት። ደጃፍ ላይ ጠብቃ፣ "ሙሉ፣ ምን አደረግሁሽ?" ስትላቸው ሰምቻለሁ። እትዬ አልፈዋት ገቡ። እኔስ? እኔ መስኮቱን ዘጋሁ።

ሐረጉ ግን አልሞተም። ሲተከል ከግንዱ ጥቂት አንጓ ከአፈር በታች ተቀብሮ ኖሮ፣ በየዝናቡ ቡቃያ ይልካል። እኔ ደግሞ ቀድሜ እየሄድኩ እቀነጥሰዋለሁ፤ እትዬ ቡቃያውን አይተው አፈሩን ሲኮተኩቱ የቢላዬን ምልክት ያገኙታል ብዬ። የመጀመሪያው በንዴት ነው ልበል። ይህንንስ ምን ልበለው? በየዓመቱ፣ ሳልናደድ፣ ፀጉሬን አስሬ፣ ተረጋግቼ ገደልኩት። እኔ።

ዘንድሮ ማማ ጆይ ልጇ ዘንድ ካሳራኒ ሰፈር ልትገባ ዕቃዋን እያሰረች መሆኑን ሰማሁ። ከሄደች ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ትሄዳለች። ያን ሰሞን ቡቃያው እንደ ልማዱ ብቅ አለ። ጎንበስ አልኩ፤ ጣቴ ደረሰበት፤ ተውኩት። ክር አሰርኩለት። ያዘው፣ ወጣ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬን ወደ ጓሮ ወስጄ ድንጋዩን አነሳሁላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን የተቆረጠውን አሮጌ ግንድ በጣታቸው ዳሰው ቆዩ።

"ሐረጉን የቆረጥሽ አንቺ ነሽ" አሉኝ በመጨረሻ። "ሰላምታዋን የነሳኋት ግን እኔ ነኝ።"

ይህን ቃላቸውን ለራሴ ማቅለያ አላደርገውም። ሰበቡን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። በማማ ጆይ በር ላይ ቆመው "ሆዲ!" አሉ፤ ቤቶች ማለታቸው ነው። ከውስጥ፣ "ካሪቡ፣ ሙሉ" የሚል ድምፅ መጣ፤ ግቢ ማለቷ ነው። ስማቸውን አልረሳችውም።

እትዬ ከመናገራቸው በፊት እኔ በተሰባበረ ስዋሂሊዬ፣ "ሚሚ ንዲዬ ኒሊካታ" አልኳት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እትዬ የዓይኗ ነው ሲሉ "ይመስላል" ያልኩት ውሸቴን መሆኑንም ነገርኳት። ቡቃያው መኖሩንም። ማማ ጆይ አየችኝ፣ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ካርቶን የተከመረበትን ወንበር አራግፋ ለእትዬ አቀረበች። እትዬ ተቀመጡ፤ እጇን ያዟት፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ለእኔ ወንበር አልቀረበልኝም። ልክ ናት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ዛሬም እጠይቃታለሁ፤ ቸኩይ ግን አልላትም። ውጪም አላለችኝም። በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ።