አያቴ የገዛ ሳሩን የገመተ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ከገረሴ ከፍ ባለው ዳገት ላይ፣ ጭስ ባጠቆረው የቀርከሃ ቤታችን ውስጥ፣ ፍም ውስጥ የተቀበረው ድንች እስኪበስል አያቴ ተረት ያወራልን ነበር። ያኔ መብራት አልገባልንም። ኩራዟ ጋዝ እንዳትጨርስ ዝቅ ስለምትደረግ ከአያቴ ፊት የሚታየን እኩሌታው ብቻ ነበር፤ የቀረው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ብቻ ይመጣል። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ፣ ትምህርቱንም ስምንተኛ ላይ ጥዬ አርባ ምንጭ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ፍም ዳር ግን ድንቹ ቢያርም ንቅንቅ አልልም ነበር።

አያቴ የታወቀ ሳር ገማች ነበር። እኛ አገር ገበሬ ለገበሬ ሳር ሲሸጥ ሳይታጨድ፣ እንደቆመ ነው። የአንድ ሸክም ዋጋ ገበያው ያውቀዋል፤ ጣጣው ማሳው ስንት ሸክም ይወጣዋል የሚለው ነው። ለዚህ ነው ሽማግሌ የሚጠራው። አያቴ መጀመሪያ ጤዛው እስኪረግፍ ይጠብቃል፣ ጤዛ ያዘለ ሳር ወፍሮ ይዋሻልና። ዳር ዳሩን አያይም፤ መሃል ገብቶ አንድ እቅፍ አጭዶ በእጁ ይመዝናል፣ ማሳውን በእርምጃ ይለካል፣ ከዚያ ጥቂት እርጥብ ሳር ጨብጦ ቁጥሩን ይናገራል። እርጥብ ሳር ተይዞ የተነገረ ቃል አይመለስም። ቢተርፍም ለገዢው፣ ቢጎድልም ለገዢው ነው።

ከተረቶቹ ሁሉ የምንወደው የራሱን ሳር የገመተውን ሰው ተረት ነበር። ሰውየው ለሌላው ሲገምት ልክ ነው አሉ፤ የራሱን ሲሸጥ ግን የዛፉን ጥላ ሁሉ ሳር ብሎ ቆጠረው። ገዢው አጭዶ ሲጨርስ ሦስት ሸክም ጎደለ። ገዢው ሙሉውን ከፈለ፣ ቃል ቃል ነውና። ማጭዱ ግን አልቆምም አለ። የሰውየውን ጺም አጨደ፣ አልሞላም። ቅንድቡን አጨደ፣ አልሞላም። በመጨረሻ የቤቱን ክዳን አጭዶ ሄደ፣ ዝናቡም ሰተት ብሎ ገባ። እኛ በሳቅ እንንከባለላለን፤ አያቴ ግን እዚህ ላይ ስቆ አያውቅም። «ለሰው ዓይን ያለው ሁሉ ለራሱ ዕውር ነው» ብሎ ፍሙን ይቆሰቁሳል።

አንድ ዓመት አባቴ አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲጭን ከመኪና ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታል ብረት ይገባለታል አሉ። የተጠየቀው ብር በእኛ ሒሳብ የሠላሳ ሸክም ሳር ዋጋ ነበር። ከቤታችን በታች፣ በእርከኑ ላይ፣ ለበጋ ያስቀመጥነው ደሾ ሳር ቆሟል። የላማችን ቀለብ እሱ ነው፤ የሕፃኗ እህቴ ቀለብ ደግሞ የላሟ ወተት። እናቴ ያን ማሳ ዕድሜዋን ሙሉ ያጨደችው ስለሆነ ከሃምሳ እንደማያንስ ታውቃለች። የሠላሳው ዋጋ ለአባቴ እግር፣ የተረፈው ብር ለላሟ ቀለብ መግዣ ብላ ነበር።

ገዢው ጎረቤታችን ጋሽ ኦይሳ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። እናቴ ሌላ ገማች እንዲጠራ ስትጠይቅ እሱ ሳቀ።

«አባባ እያሉ ሌላ ሰው ምን ሊሠራ?»

«የራሴ ነው እኮ ኦይሳ» አለ አያቴ።

«ቢሆንስ? የእርስዎ አፍ ይበቃኛል።»

እናቴ፣ «አባባ፣ ሰው እንጥራ። ግድ የለም፣ ቡና አፈላለታለሁ» አለች። አያቴ ማጭዱን ከግድግዳው አወረደ። እንዲህ ያለ ክብር በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣለት፤ እምቢ ማለት አልቻለም።

ጤዛው እስኪረግፍ ጠበቀ። ከዚያ ወረደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ መሃል ይገባል ስል ማሳው ዳር ወዳለው አለት ዘወር አለ። አለቱ ጥግ አፈሩ ስስ ነው፣ ሳሩም እንደ በሽተኛ ፀጉር የሳሳ። አንድ እቅፍ ከዚያ አጨደ። ማሳውን ሲለካም እርምጃው ረዘመ፣ ቁጥሩም አነሰ፤ እንደዚያ ተንጠራርቶ ሲራመድ አይቼው አላውቅም። ተመልሶ እርጥብ ሳሩን ጨበጠና፣

«ሠላሳ» አለ።

«አባባ፣ መሃሉን እኮ አላ...» ብዬ ስጀምር የእናቴ ጣቶች ትከሻዬ ውስጥ ገቡ።

«ዝም በል! ሳር ይዟል።»

ሦስት ቀን አጨዱት። የጋሽ ኦይሳ ልጆች ሸክም በሸክም ሆነው በደጃችን ያልፋሉ። «ኧረ ይሄ ማሳ ይወልዳል እንዴ!» ይላል አንዱ። «ቀስ በል፣ ሽማግሌው ሰምተው እንዳይጨምሩብን» ይላል ሌላው። «ሞኝ! ሳር ተይዞ?» ብለው ይሳሳቃሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በጠጠር እቆጥር ነበር። ሠላሳ ሲሞላ ማሳው ገና ግማሹ አረንጓዴ ነው። ሃምሳ ሁለት ላይ አለቀ። ጋሽ ኦይሳ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ሸክም ደጃችን ላይ ጥሎ ቀና ሳይል አለፈ። አያቴ እኔን አሸክሞ መለሰው። «የሸጥኩትን አልበላም» አለ።

ላሟ ለገና አልደረሰችም። እናቴ ገረሴ ገበያ ነድታት ሄደች፣ ገመዱን ብቻ ይዛ ተመለሰች። ያን ምሽት ፍሙ ዙሪያ ስንቀመጥ ተረት የጠየቀ የለም። እህቴ ታለቅሳለች፣ እናቴ የገብስ ቅንጬ ውኃ በማንኪያ ትሰጣታለች። አያቴ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«አንተ ስትቆጥር ነበር። ስንት ወጣው?»

እናቴን አየኋት። ማንኪያዋ አየር ላይ ቆመ።

«ሠላሳ ሁለት» አልኩ።

«ሁለት ብቻ!» አለና ትንፋሹን ለቀቀ። «እግዜር ይመስገን። ለራሴ አላደላሁም፣ ቤቴንም አልጎዳሁም።»

ዛሬ አባቴ እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል። እኔ ኩልፎ ዳር የሙዝ ደላላ ነኝ። ዘለላው ከግንዱ ሳይወርድ ስንት ኪሎ እንደሚሆን በዓይኔ እናገራለሁ፤ አሳንሼ ነው የምናገረው፣ የምበላው ከዚያ ነው። ዋሽተህ ታውቃለህ ብትሉኝ እስቃለሁ። የዚያን ምሽቱ ግን አይቆጠርልኝም፣ አይቀነስልኝም፣ ምን እንደምለው አላውቅም። እውነቱን ብነግረው ኖሮ ላሟ አትመለስም ነበር፤ ያልነገርኩት ደግሞ ይኸው አለ።

አያቴ አሁን ዓይኑ ደክሟል፣ ምላሱ ግን እንዳለ ነው። ገረሴ በወጣሁ ቁጥር ማታ የእህቴ እኩዮች ከብበውት አገኛለሁ። የሚያወራላቸው አዲስ ተረት አለው። የራሱን ሳር እንዲገምት የተጠየቀ አንድ ሽማግሌ ነበር ይላቸዋል፤ ሠላሳ አለ፣ ሠላሳ ሁለት ወጣው፣ በሁለት ሸክም ብቻ ሳተ። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። «ምስክሬ ይኸው ነው፣ እሱ ነው የቆጠረው» ብሎ በእጁ ይፈልገኛል። እህቴም ከሁሉ አብልጣ ታጨበጭባለች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን እንጨቱን ታስተካክላለች። እኔ እጁን እይዘውና፣ «አዎ፣ ሠላሳ ሁለት» እላለሁ።