በመብራት እንጨት ላይ የነበረችው ባንዲራ

ባለፈው እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ እኛ ቤት ለምሳ ተሰብስቦ ሳለ ቴሌቪዥኑ ስለ ባንዲራ ሕግ አንድ ነገር ተናገረ። የትኛው ባንዲራ በየትኛው ሕንፃና አደባባይ ይሰቀላል፣ ማንስ ያወርደዋል የሚል ክርክር ነው። ወንዱ ልጄና የሴቷ ልጄ ባል ወዲያው ሁለት ወገን ሆኑ። አንዱ «የመንግሥት ንብረት ላይ የሚሰቀለውን የሚወስነው መንግሥት ነው» ይላል፤ ሌላው «የሕዝብ ንብረት ከተባለ ሕዝቡ ይወስን» ይላል። የዓሣው ወጥ ቀዘቀዘ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል የልጅ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ልጅቷን አቅፌ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ሁለቱ የሚሉትን፣ እነሱ ሳይወለዱ፣ በዚሁ በባሕር ዳር፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼው ነበር። ያኔ ግን የምሳ ሰዓት ወሬ አልነበረም።

ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከመራዊ መጥቼ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጥሬ ነበር። ባሕር ዳር ያኔ የብስክሌት ከተማ ናት። ፈረቃ ሲለቀቅ በዘንባባዎቹ ሥር የሚጎርፈው ብስክሌት ለዓይን ደስ ይላል። የእኔዋ አሮጌ ስለነበረች ሰንሰለቷ በየጊዜው ይወልቃል፤ እሷን ሲጠግን ነው ይርሳውን ያወቅሁት። ኋላ እንደነገረኝ ከሆነ ሰንሰለቱን ሆን ብሎ አላልቶ ነበር የሚመልስልኝ።

ሽማግሌ መራዊ ድረስ ተልኮ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ሳለ፣ ይርሳው ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጣ። እናቱ እትዬ ደብሬ ባል የሞተባቸው፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ነበሩ። አባቴ ዘንድ ሄደው «ልጅዎ ሙሽራ ሆና ባትመጣልኝ፣ ልጅ ሆና ትምጣልኝ» ብለው ለመኑ። እንዲህ ሆኖ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታቸው ገባሁ።

ዘማቾቹ የተሸኙ ዕለት ቀበሌው መንገዱን ሁሉ በባንዲራ አስጊጦ ነበር። በየመብራቱ እንጨት ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተሰቀለ፤ ከበሮ ተመታ፤ ለልጆቹ ዳቦ ታደለ። መኪናዎቹ ሄደው አቧራው ሲረጋ የቀበሌው ሰዎች መሰላል ይዘው ባንዲራዎቹን ማውረድ ጀመሩ። እትዬ ደብሬ በራችን ፊት ያለውን እንጨት ተደግፈው ቆሙ።

«ይችን ተዉልኝ» አሉ። «ልጄ ሲመለስ እኔው አወርዳታለሁ።»

የዚያን ቀን የሰው ሁሉ ልብ ራርቶ ስለነበር እንቢ ያላቸው የለም።

ክረምቱም በጋውም አለፈ። እትዬ ደብሬ ጠዋት በር ከፍተው፣ ቀና ብለው አይተዋት ነበር ፊታቸውን የሚታጠቡት። ዝናብና ፀሐይ ቀለሟን በላው፤ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ አደላ፣ ቀዩ የበርበሬ እጣቢ መሰለ፣ ጫፏ ተተለተለ። የይርሳው ወሬም ጠፋ። መጀመሪያ ከሰሜን የሚመጣ ወታደር ሰላምታ ያደርስልን ነበር፤ ኋላ እሱም ቀረ። ማንም ሳይከለክለን፣ በቤታችን ውስጥ ስለ እሱ «ነበር» ብሎ መናገር ክልክል ሆነ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለአብዮቱ በዓል ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ፤ ሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ሳይቀር ታጨደ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታደለ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። ታደለ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ የይርሳው አብሮ አደግ። በልጅነቱ እትዬ ደብሬ ቤት እንደ ቤቱ ነበር የሚበላው። ያን ቀን ግን በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«እታለም፣ ይች ባንዲራ...» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «መመሪያ መጥቷል። በመንግሥትና በሕዝብ ንብረት ላይ ያለ ፈቃድ ባንዲራ መስቀል አይቻልም። ያረጀ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የሰቀልሃት? መሰላል ይዘህ የወጣኸው አንተ ነህ።»

«ያኔ በዓል ነበራ።»

«ለእኔ በዓል አልነበረም» አሉት።

«እሑድ በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ አለ፤ ከክፍለ ሀገር ሰው ይመጣል። እባክዎ እዚያ ባይናገሩ» ብሎ ሄደ።

ከስብሰባ መቅረት የስኳርና የሳሙና ራሽን ማጣት ስለነበር አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተናጋሪው አይሰማም፤ ጋብ ሲል የእርጥብ ጋቢ ሽታ ይነሣል። ከክፍለ ሀገር የመጣው ካድሬ ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ከሚጮኸው ይልቅ ዝግ ብሎ የሚናገረው ነበር የሚያስፈራኝ። መመሪያውን አነበበ። ባንዲራ ፀሐይ ስትወጣ ይሰቀላል፣ ስትጠልቅ ይወርዳል፤ በመብራት እንጨት፣ በዛፍ፣ በመንግሥት ቤት ግድግዳና አጥር ላይ ያለ ፈቃድ አይሰቀልም። ሲጨርስ «አስተያየት ካለ» አለ። ያኔ «አስተያየት ካለ» ማለት «አስተያየት አይኑር» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ቢሆንም ከወለጋ ተመድቦ የመጣ አንድ አስተማሪ ተነሣ። «ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ነዋሪ ቢጠይቅ ያገኛል?» አለ።

«ለመሥሪያ ቤቶች ነው የሚሰጠው» አለ ካድሬው። «ባንዲራ የግለሰብ ጌጥ አይደለም። ሁሉም ደስ ባለው ቦታ ከሰቀለው የሀገር ምልክትነቱ ይቀራል።»

«ሕዝቡ በገዛ መንገዱ ላይ ቢሰቅለው ምን ይጎዳል?»

«ሕዝብና አንድ ሰው አንድ አይደሉም፣ ጓድ መምህር።»

አንድ ጡረታ የወጣ ወታደርም ተነሥቶ የተቀደደ ባንዲራ ለሀገር ውርደት ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም የተናገሩት ሚዛን የሚደፋ ነበር። ስለ እኛ እንጨት እየተናገሩ እንደሆነ ባላውቅ ኖሮ እኔም ከካድሬው ጋር በተስማማሁ። ይህን እያሰብሁ ሳለ እትዬ ደብሬ ከአጠገቤ ተነሡ። ነጠላቸውን ጫፉን ይዤ ጎተትሁ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልሁ በሹክሹክታ። አልሰሙኝም።

«እኔ ሕጉን አልቃወምም» ብለው ጀመሩ። «እንጨቱ ላይ አይሁን ካላችሁ አይሁን። በቤቴ እንዳልሰቅላት ቤቱም የቀበሌ ነው፣ አጥሩም የቀበሌ ነው። ጓሮ ያለችው ዘይቱን እንኳ የቀበሌ ናት። ታዲያ የት ላድርጋት? ቦታውን ንገሩኝና እዚያ አደርጋታለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው።

«እናቴ፣ እንዳልኩት ነው» አለ ካድሬው። «ለግለሰብ አይፈቀድም፤ እርስዎ ደግሞ ግለሰብ ነዎት።»

«ልጄን ሲወስዱትስ የግለሰብ ልጅ አልነበረም?»

በአግዳሚው ላይ ከእኔ ወዲያ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ቀስ ብላ ፈቀቅ አለች።

«ወሰዱት አልሽ?» አለ ካድሬው። ድምፁ እንደ ለሰለሰ ነው፤ «እርስዎ» ግን ቀርታ ነበር። «ማነው የወሰደው? ልጅሽ ዘመተ ወይስ ተወሰደ?»

በአንዲት ቃል ምክንያት ሰው ሲጠፋ አይቻለሁ። ፈትል ክፍል አብራኝ የምትሠራ ልጅ ምሳ ላይ በቀለደችው ቀልድ ታስራ፣ ወራት ቆይታ ስትፈታ፣ ከዚያ በኋላ ስትናገር የሰማት የለም። እትዬ ደብሬ ቃሉን መመለስም መድገምም አቃታቸው። እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ዘመተ ነው» አልሁ። «እጮኛው ነኝ። ስሸኘው ነበርሁ።»

«አንቺን አልጠየቅኩም።»

አልተቀመጥሁም። ብቀመጥ እትዬ ደብሬ ብቻቸውን እንደቆሙ የሚቀሩ መሰለኝ። ያን ጊዜ ታደለ ከመድረኩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ፣ የእኛ ሀገር አነጋገር ነው» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «እኛ ዘንድ ሰው ለሠርግ ሲጠራም ‹ወሰዱት› ይባላል። እናታችን ክፉ አላሰቡም።» መልስ ሳይጠብቅም «ባንዲራው እንዲወርድ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

ከፊት ያሉት ወንዶች አወጡ። ወደ ኋላ እየሄደ እጁ ሳሳ። የሴቶቹ ወገን ሁሉም እጁን ነጠላው ውስጥ እንደከተተ ቀረ፤ ፈቀቅ ያለችው ጎረቤታችን ሳትቀር። ታደለ ወደ እኛ አላየም፤ ጣራ ጣራውን እያየ «በሙሉ ድምፅ አልፏል» አለ። ካድሬው ሴቶቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ፣ ባንዲራው በማግሥቱ እንዲወርድ፣ «ሴትየዋም» ቢሮ እንድትቀርብ አዝዞ ወጣ።

በማግሥቱ ገና ሲነጋጋ እትዬ ደብሬ ቀሰቀሱኝ። «የሌላ ሰው እጅ ሳይነካት እኛው እናውርዳት» አሉ። ልጃቸው ሳይመለስ እንደማያወርዷት መናገራቸውን እሳቸውም እኔም አላነሣነውም። ከጎረቤት መሰላል ተውሼ ወጣሁ። እርከኑ በዝናብ ርሶ ያንሸራትታል፤ ከላይ ሆኜ ሳይ ሐይቁ ግራጫ ነበር፣ ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰው ብቻ ይታያል። ክሩ በዝናብ ጠብቆ አልፈታ አለኝ። በጥርሴ ስታገል የአብዮት ጥበቃው ጋሽ አለበል ጠመንጃቸውን አንግተው ደረሱ።

«ማነው የፈቀደልሽ?»

«ይውረድ አልተባለም ወይ?» አልሁ ከላይ።

«ይውረድ ተባለ እንጂ አንቺ አውርጂው አልተባለም።»

እትዬ ደብሬን አዩ፤ እንደገና እኔን አዩ። ከዚያ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፈው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። «በይ ቶሎ በይ» አሉ፣ «ሰው ሳይመጣ።»

እትዬ ደብሬ ባንዲራዋን ተቀብለው ቤት ገቡ። ወደ ቀበሌ ልንሄድ ስንል ሳያቸው ወገባቸው ወፍሯል። ከመቀነታቸው ሥር ታጥቀዋታል። ቢፈትሿቸውስ ብዬ ልለምናቸው ስል «መቀነቴ የቀበሌ አይደለም» ብለው ቀደሙኝ።

ቀኑን ሙሉ ቢሮው ውስጥ አዋሏቸው። ምሳ ብወስድ ዘበኛው አላስገባ አለኝ፤ የዳጉሳ እንጀራና የዓሣ ወጥ በአገልግል ይዤ ደጅ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የማያቸው ወደ እስር ቤት ሲነዱ ይመስለኛል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከታደለ ጋር ወጡ።

«ሰውየው ለሌላ ስብሰባ ወደ ሌላ አውራጃ ሄዷል» አለ ታደለ። «ተመክረው ተለቀቁ ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። እታለም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር አልሁህም አልልህምም አላሉት። «ምሳ በልተሃል?» አሉት።

አልበላሁም አለ። አገልግሉን ከእኔ ተቀብለው ከፈቱ፤ ሦስታችንም እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብለን የቀዘቀዘውን ወጥ በላን። ታደለ እየበላ ያለቅስ ነበር፤ እኛም እንዳላየን ሆንን።

ይርሳው የመጣው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። የተበተነው ጦር ባዶ እግሩን በከተማችን ሲያልፍ ሰንብቶ፣ ተስፋ ቆርጠን ሳለ፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ በጎንደር በኩል በእግሩ መጣ። ከስቶ፣ ድምፁ ተለውጦ ነበር። እትዬ ደብሬ እግሩን እያጠቡ የእንጨቱን፣ የአዳራሹን፣ የመቀነቱን ታሪክ ነገሩት። ሲጨርሱ ቀና ብለው «ታስባት ነበር?» አሉት።

«በየቀኑ፣ እማ» አላቸው። «ስትወርድ እንኳ ታውቆኝ ነበር።»

ከሠርጋችን በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ ግን ሌላ ነገረኝ። «አንድ ቀን አስቤያት አላውቅም» አለ። «መሰቀሏንም ረስቼዋለሁ። እዚያ የማስበው ውኃ ነበር። ጣናን በእፍኜ ስጠጣ ነበር በሕልሜ የማየው።» ይህን ለእናቱ እስኪሞቱ አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርሁም። እትዬ ደብሬ ያረፉት ያቺ ጨርቅ ልጃቸውን እንደጠበቀችላቸው እያመኑ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጅቷ ክንዴ ላይ ስትተኛ ወደ ምሳው ተመለስሁ። ልጆቼ ይርሳውን ይዘውታል። «አባዬ፣ አንተ ወታደር ነበርህ፤ ምን ትላለህ?» ይሉታል። እሱ ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠና «እናታችሁን ጠይቁ» አለ። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ያን ቀን ዝም አልሁ፤ ስለዚህ ይኸው ጻፍሁት። ባንዲራ የት ይሰቀል፣ ማን ያውርደው፣ ዛሬም አላውቅም፤ ሕግ ሳይኖረው ሊቀር እንደማይችልም ይገባኛል። እትዬ ደብሬ ያዩባት የነበረው ግን ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ነው፤ ይህን በአንቀጽ መጻፍ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ተነሥቶ ሲጠይቅ ግን፣ ተቀመጥ ከማለት በፊት፣ እስኪጨርስ መስማት አያቅትም።