የመኪናዋ ወዝ

ባሌ ከሞተ ወዲህ ወረታ ውስጥ ስለ እሱ ደግ ነገር የማያወራልኝ ሰው የለም። ያውሩ፣ አልጠላም። አንዱን ወሬ ግን በሰማሁ ቁጥር ጨጓራዬን ይልጠዋል፤ "አቤት መኪና አያያዙ" የሚሉትን።

መኪናዋን የምወለውላት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የተጀመረው በተጋባን ሰሞን ነው። እኔ ለአስተማሪነት ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ፣ እሱ የይፋግ ልጅ። ከመጋባታችን በፊት የገዛት ጥቁር ሰማያዊ አሮጌ መኪና ነበረችው። ቤታችን ከሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ጀርባ ነው። ነፋሱ ወደኛ በዞረ ጊዜ የገለፈቱ ብናኝ የማያርፍበት የለም፤ የተሰጣ ልብስ ላይ፣ የተከደነ ድስት ላይ፣ መኪናዋ ላይ። እሱ ጠዋት ሲወጣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ያደርጋታል። ያ ብናኝ ሲያዩት ዱቄት ይመስላል እንጂ መስታወት ይጭራል። ፀሐይ ስታርፍባት ኮፈኗ ድመት የቧጠጠው መሰለ። "ምነው አንተ፣ ድስት እኮ አይደለም የምትፈትገው" ብዬ ጨርቁን ቀማሁት። በዚያው የኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

እልኸኛ ነኝ፤ የያዝኩትን ነገር ሳላውቅበት አልተውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐዩ ሳይበረታ ግቢያችን ካለው ማንጎ ጥላ ሥር አስቆማታለሁ። መጀመሪያ ጨርቅ ሳይነካት ውሃ ብቻ አፈስባታለሁ፤ ብናኙ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ በፀጉር ሳሙና አጥባታለሁ፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ቀለም ይበላል። ክረምት ላይ ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ የፎገራ ዋልካ ጭቃ ጎማ ሥር እንደ ምርጊት ይለጠፋል። ለእሱ ሌላ ባልዲ፣ ሌላ ጨርቅ አለኝ። ሰንበትበት ሲል ደግሞ ፖሊሹን በክብ በክብ አሽቼ፣ ከባሕር ዳር ያስመጣሁትን የመኪና ሰም ስስ አድርጌ እቀባትና ሲነጣ በለስላሳ ጨርቅ አነሳዋለሁ። ክንዴ ይዝላል። ግን የማንጎው ቅጠል አንድ በአንድ ኮፈኗ ውስጥ ሲታይ ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ "ይኼ የኔ ነው" ያልኩት ነገር ያ ወዝ ብቻ ነው።

ባሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያጫውተኛል። የግቢው በር ሲንኳኳ ግን ብድግ ብሎ ጨርቁን ይቀበለኛል። "አስተማሪ ሚስቱን መኪና አጣቢ አደረጋት ይሉኛል፣ የኔ እመቤት" ይላል። እንግዳው ሲገባ እሱ ጎንበስ ብሎ ይወለውላል፣ እኔ እጄን በቀሚሴ እያደረቅሁ "ቤት ለእንግዳ" እላለሁ። እንግዳው ሲወጣ ጨርቁ ወደ እኔ ይመለሳል። እንስቅ ነበር። ባልና ሚስት የሚስቁበት ነገር መቼ ይጠፋል።

እሱ በድንገት ታሞ ሞተ። ልጅ የለንም። አርባው እንደወጣ ታላቅ ወንድሙ "መኪናዋ ለእናታችን ትገባለች" ብሎ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይኼን ነው። ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። "ከጋብቻ በፊት የተገዛች ናት፣ ይኼ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሷም ልፋት ካለባት ትተዉላታላችሁ" አሉ። ወንድምየውም እሺ አለ። ደስ አለኝ። ከልፋት ሌላ ምን አለኝ።

"አባቶቼ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ያጠብኳት፣ የወለወልኳት፣ ሰም የቀባኋት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ጎረቤታችንን ጠየቁ። ደግ ሰው ነው፣ ለኔም የሚያዝነው ከልቡ ነው። "ሐሰት አልናገርም፤ በገባሁ ቁጥር ጨርቅ ይዞ የማገኘው እሱን ነው" አለ። የነፍስ አባታችንን ጠየቁ። እርሳቸውም መስቀላቸውን እንደጨበጡ፣ "ልጄ፣ እኔም ያየሁት እሱን ነው። አንቺንማ ወንበር ስታቀርቢልኝ ነው የማውቅሽ" አሉ። ማንም አልዋሸም። ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ ቢዋሹማ እሳደብ ነበር። ጨርቁን እየተቀበለኝ ነው እንዳልል፣ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ባሌን አስመሳይ ነበር ማለት ሊሆንብኝ ነው። እናቱ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ነቅዟል።

ወንድምየው ቁልፉን ተቀበለኝ። ሊሄድ ሲል ኮፈኗ ላይ ብናኝ አየና በጋቢው ጫፍ ደረቁን ፈተጋት። ጥርሴን ነከስኩ። "መጀመሪያ ውሃ አፍስስባት" ማለት ምንም አያቅትም ነበር፤ አላልኩም። እሰይ እንኳን አላልኩ።

አሁን መኪናዋ ከይፋግ ወረታ ሰው ታመላልሳለች። ባለፈው የገበያ ቀን ከዚያው ጎረቤታችን ጋር መንገድ ዳር ቆመን አለፈችን። ጎኗ ተጫጭሮ ጣራዋ አመድ መስሏል። ጎረቤቴ ራሱን ነቀነቀ።

"አየሽ እህቴ፣ እሱ ሲሞት መኪናዋም አብራ ሞተች" አለ።

ይኼን ጊዜ አልቻልኩም። ሽማግሌ ፊት የዋጥኩትን ሁሉ አወጣሁት። የምወለውላት እኔ እንደነበርኩ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ጨርቁን እንደሚቀበለኝ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሰሙ፣ በክብ በክብ ስለማሸቱ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ሰው እያየን ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም።

እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠኝም። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ኀዘን እንዲህ ያደርጋል፣ እህቴ። እግዜር ያጽናሽ" አለኝ።