የኢግናሲያ አንሶላ

በአቲትላን ሐይቅ ዳር ባለው አሮጌ ሆቴል ቦሎቄ ስቀቅል ሃያ ዓመቴ ነው። እንግዶች ተራሮቹን ሊያዩ ከዓለም ዳር ይመጣሉ። የማዶ ባለጀልባዎች ግን የሚያዩት ጣሪያችንን ነው። አንሶላ አጣቢያችን እትዬ ኢግናሲያ እዚያ ነጭ አንሶላ ከሰቀለች ሐይቁ ሰላም ነው፤ ካወረደች ሾኮሚል፣ ያ ጀልባ ገልባጭ የከሰዓት ነፋስ፣ ተነሥቷል ማለት ነው። የእነሱን መንደር ተራራ ስለሚከልለው ነፋሱን ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ባሏ ባልታሳርም ሽንኩርት የሚያመላልስ ባለጀልባ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ባለፈው የካቲት ሠርገኞች ሆቴሉን ሞሉት። ከዋና ከተማ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፣ እግዜር ይይለትና፣ «አንሶላው በሙሉ ጣሪያ ላይ ይሰጣ!» አለ።

«ጌታዬ፣ ጣሪያው እኮ የባለጀልባዎቹ ነው» አለችው።

«እኔ የማስተዳድረው ሆቴል ነው ወይስ ወደብ?»

ሰጣችው። «ነፋሱ ሳይነሣ አወርደዋለሁ» አለችኝ። ሙሽሪት ግን ቀሚሷ ላይ ወይን ደፋችና ኢግናሲያን ለእጥበት ጠሯት። እኔም ከድስቴ ጋር ስታገል አንሶላውን ረሳሁት። ምን እዋሻለሁ፣ ረሳሁት።

የወጥ ቤቱ መስኮት ድንገት ተበርግዶ ሲላተም ኢግናሲያ ቀሚሱን ከነሳሙናው ወረወረችው።

«አንሶላው!»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣን አላውቅም። ሐይቁ ጠቁሮ ይንተከተካል። መሀሉ ላይ አንዲት ጀልባ አለች፣ የባልታሳር ጀልባ።

«ወይኔ! በገዛ እጄ ገደልኩት!» እያለች አንሶላውን ትገነጣጥላለች። አሁን ምን ሊረባ! ጀልባዋ ትጠፋለች፣ ደግሞ ብቅ ትላለች። ኢግናሲያ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ። አንዴ ጠፍታ ቆየች። በጣም ቆየች። የኢግናሲያን ፊት ማየት ፈራሁ።

ወጣች! እየተንጋደደች፣ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት፣ ዳር ደረሰች። ሮጠን ወረድን። ባልታሳር ሽንኩርቱን ውሃ በልቶበት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ቆሟል። ንዴቴ ገነፈለ።

«አንተ እብድ! ውሃው ሲጠቁር አላየህም?»

«ገና ተራራውን ስዞር አይቻለሁ እንጂ።»

«ታዲያ?»

ወደ ሚስቱ ዞረ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሊስቅ ሞከረ።

«ዓይኔ ነው የተሳሳተው አልኩ። አንቺ መቼ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?»

ኢግናሲያ እግሩ ሥር፣ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች።

«ሁለተኛ እንዳታምነኝ» አለችው፤ «ስሞትልህ፣ ሁለተኛ እንዳታምነኝ።»