አፏን የሚያዘጋ ብረት

ባሕር ዳር ውስጥ «ገድሉ ቶርኖ» ብሎ የጠየቀ ሰው አይጠፋም። ከመሸንቲ የወፍጮ ዘንግ የተሰበረበት፣ ከመራዊ የመስኖ ፓምፑ ውኃ አልስብ ያለው፣ ከሐይቁ ዳር የጀልባው ፕሮፔለር የተጣመመበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። በወጣትነቱ ፋብሪካ ገብቶ በጥገና ክፍል ብረት መቅረጽ ተማረ፤ ጡረታ ሲወጣ ከጨረታ ላይ አንድ አሮጌ ቶርኖ ገዝቶ ከሐይቁ ዳር በሠራት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተከለው። ማሽኑም ሰውየውም ግትሮች ናቸው፤ እስኪሞቁ ድረስ ሁለቱም ያጉረመርማሉ።

አንድ ኩራት ነበረው። ስለ ብረት ዋሽቶ አያውቅም። «ይህ ዘንግ ክረምቱን አይዘልቅም» ካለ አይዘልቅም፤ «ይበቃሃል» ካለ ይበቃል። ስለ ሌላው ነገር ግን ከአፉ ቃል ማውጣት ጥርስ የመንቀል ያህል ነው። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ በሩን ገርበብ አድርጎ ማሽኑን ያስነሳል። ሚስቱ ፅጌ ማርያም «አንተ ሰው፣ ይህ ቶርኖ ባይኖር ምን ውስጥ ትደበቅ ነበር?» ትለዋለች። ይስቃል እንጂ አይመልስላትም።

ጊዜው ደግሞ ለዝምተኛ የተመቸ ሆነ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። አውቶቡስ ከወጣ መመለሱ አይታወቅም። ሰው ስልክ ሲያነሳ እንኳ ዙሪያውን ቃኝቶ ነው። የጎንደሩ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ታዲያ ጀልባ ተፈላጊ ሆነ፤ ከዚያ ሰፈር ወደ ጎርጎራ የሚሻገረው ትልቁ የሞተር ጀልባ ደግሞ የአንዋር ነበር። የአንዋር ብቻም አልነበረም፤ ከአብዱልመጂድ ጋር በጋራ ያሠሩት ነው። አንድ ቀን ሁለቱ ባዶውን ጀልባ ይዘው ወደ ጎርጎራ ሄዱ፤ አንዋር ብቻውን ተመለሰ። «ማዕበል ወሰደው» አለ። ያን ቀን ሐይቁ ጸጥ ብሎ ውሎ እንደነበር የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ የለም። ያወቀ ሁሉ ግን መረቡን መጠገን ቀጠለ።

ከሪማ ብቻ እምቢ አለች። የአብዱልመጂድ ሚስት ናት፤ ዓሣ አድርቃ የምትሸጥ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋ ግን ከወዲያኛው ደሴት የሚሰማ ሴት። ጎህ ቀዶ ተሳፋሪው መግባት ሲጀምር ከውኃው ዳር ትቆምና «ባሌን የት ጣልኸው? እናንተ ተሳፋሪዎች፣ ባሌን የት እንደጣለው ጠይቁትና ተሳፈሩ!» እያለች ትጮኻለች። ሻንጣውን ይዞ የሚመለሰው ሰው በዛ። ሽማግሌ ተላከባት፣ አልሰማችም። ለሕግ አቤት አለች፣ «ነገሩ ሲረጋጋ ነይ» ተባለች። እሷም ነገሩ እስኪረጋጋ አልጠበቀችም፤ በማግስቱ እዚያው ቆማ ጮኸች።

አንዋር ወደ ገድሉ ቤት የመጣው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነበር። በብብቱ ሥር በአሮጌ መረብ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ገድሉ?»

«ይመስገን። የጀልባው ነገር ነው?»

«ጀልባውስ ደኅና ነው። ለአንዷ ብዬ ነው የመጣሁት።»

መረቡን ፈታው። በርሜሏ ያጠረ፣ ሰደፏ የሚታጠፍ ክላሽ ናት። ጀልባ ላይ ረጅሙ አይመችም፣ ያለ ጠባቂ መሻገርም አልተቻለም፣ እያለ ሳይጠየቅ ሰበቡን ደረደረ። ገድሉ የጠብመንጃ ሥራ አይወድም። ይሁን እንጂ በዚያ ሰሞን ጠብመንጃ ይዞ የመጣን ሰው «አልሠራም» ብሎ መመለስ እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ተቀብሎ አግዳሚው ላይ አስተኛት።

«ጩኸቷ አስቸገረኝ» አለ አንዋር። «አጭር ናት፤ አፏን ስትከፍት ግን አገር ታስነሳለች። አፏን የሚያዘጋልኝ ነገር እፈልጋለሁ።»

በእኛ አገር ጠብመንጃ «እሷ» ናት። ትቆጣለች፣ ታኮርፋለች፣ ትጮኻለች፣ ባለቤቷን ታኮራለች ታዋርዳለች። ስለዚህ የገድሉ ጆሮ አልቆመም። ስለ ክላሿ የሚያወራ መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

አንዋር ከኪሱ ሁለት ብረቶች አውጥቶ ዘረገፈ። አፈሙዝ ጫፍ ላይ የሚጠልቁ ናቸው። ከአንድ መንገደኛ ነጋዴ እንዳገኛቸው፣ የትኛው ምን እንደሚሠራ ግን እንደማያውቅ ነገረው። ገድሉ መነጽሩን አጥልቆ አገላበጣቸው። አንደኛዋ ጫፏ እንደ አበባ የተከፈለ ነው። በርሜል ሲያጥር ባሩዱ ነዶ ሳያልቅ ይወጣና አፉ ላይ እሳት ይሆናል፤ ይህች ያንን እሳት ሰባብራ ታጠፋዋለች፣ በድንግዝግዝ የሚተኩሰውን ሰው ከዓይን ትሰውራለች። ሁለተኛዋ ጎንና ጎኗ የተሸነቆረ ድፍን ብረት ናት። ጠብመንጃዋ ስትተኮስ እንዳትዘል ትይዛለች፤ ግን ድምፁን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ትረጨዋለች። ፋብሪካ ሳለ አንድ የጥበቃ ሰው እንዲህ ያለችውን አስገጥሞ ሲተኩስ፣ አጠገቡ የቆመው ባልደረባው ጆሮውን ይዞ ሲንከባለል በዓይኑ አይቷል።

ድምፅ የምታጠፋ ከሁለቱም አልነበረችም። ይህንኑ ሊነግረው ነበር። እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ማጣራት ፈለገና ቀድሞ ጠየቀ፤ የሚተኩሰው በጨለማ ከሆነ አበባዋ፣ በብርሃን ከሆነ ያለምንም ነገር ብትቀር ይሻል ነበርና።

«የምታስቸግርህ መቼ መቼ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ነዋ» አለ አንዋር፣ ቃሉ አምልጦት። «ሰው መሳፈር ሲጀምር።»

ገድሉ ቀና አላለም። ጠብመንጃ ጠዋት ጠዋት አትጮኽም። በእጁ የያዘው ብረት ድንገት የከሪማ ጉሮሮ መሰለው። አንዋርም ያመለጠውን አውቋል። ግን አልደነገጠም። ሲጋራውን ለኮሰና ፈገግ አለ።

«ለየትኛዋ እንደሆነ ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሽ ገድሉ? ለአንዷ የሆነው ለሌላዋም ይሆናል።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኽ ነበር፣ ወይም አስወጥቶ በሩን ይዘጋ ነበር እንላለን። ማለት ቀላል ነው። የገድሉ ምላስ ተሳሰረ፣ እጁ ግን ሠራ። አበባዋን ትቶ ድፍኗን አነሳ።

«ይቺ ናት» አለ። «ይቺ አፏን ትይዝልሃለች።»

ስለ ብረት ሲዋሽ የመጀመሪያው ነው። የመጠምዘዣው ጥርሷ አልገጥም ስላለ ቶርኖው ላይ አስሮ አስተካከላት፤ ሲሠራም ልቡ እየተረጋጋ መጣ። ይህች ከተተኮሰች የሐይቁ ዳር ሰው በሙሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ በዚያ ሰው ሁሉ ፊት ደግሞ ማንም ማንንም አይገድልም፣ ብሎ አሰበ። ብረቷን አጥብቆ፣ በጨርቅ ወልውሎ ሰጠው። አንዋር አመስግኖ ሄደ።

ማታ እራት ሲበሉ ለፅጌ ማርያም ነገራት። ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

«እና ለሴትዮዋ ነገርሃት?»

«ብረቷን ቀየርሁበት አልኩሽ እኮ። ቢተኩስ አገር ይሰማል።»

«አገሩ ከሰማ በኋላ ምን ይረባታል? በአፍህ ንገራት እንጂ፣ በቶርኖ አይደለም!»

«ገድሉ ነገረብኝ ቢልስ? በዚህ ጊዜ…»

«በዚህ ጊዜ ምን?» አለችው። እጁን ሊታጠብ ተነሳ። 

በማግስቱ ግን ሄደ። ይህን ልንነሳው አይገባም፤ ሄዷል። ከሪማ ከትልቋ ልጇ ከሐፍሳ ጋር ዓሣ እየሰነጠቀች ገመድ ላይ ትሰቅል ነበር። ስታየው እጇን ታጥባ በርጩማ አቀረበችለት። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዓሣ ማነስ ተወያዩ። ገድሉ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ከሪማ፣ ሰሞኑን ጎርጎራ እህትሽ ዘንድ ሄደሽ ብትቆዪስ?»

«በማን ጀልባ፣ ጋሽ ገድሉ?» አለችና ሳቀች። ሐፍሳም ሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ። ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ የአንዋር ብቻ ነው።

«ሰው የነገርዎት ነገር አለ?» አለች ከሪማ፣ ፊቷ ረጋ ብሎ።

ያቺን ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም። ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከውኃው ዳር የአንዋር ሠራተኞች ጀልባ ሲያጥቡ ይታያሉ፤ አንደኛው ቀና ብሎ ወደዚህ ያየ መሰለው።

«የለም፣ የለም። እንዲያው ለጤናሽ ብዬ ነው» አለና ተነሳ።

ሳምንት አለፈ። ከሪማ ጠዋት ጠዋት መጮኋን ቀጠለች፣ ክላሿ አልጮኸችም። ገድሉ እያንዳንዱን ጠዋት ትንፋሹን ይዞ ያዳምጥና የከሪማን ድምፅ ሲሰማ ይተነፍሳል። ዘዴው የሠራ መሰለው። እንዲያውም ትንሽ ኮራ።

ከዚያ አንድ ቀን አንዋር በቤቱ በር ላይ ቆመ። የመጣው ሊጣላው ነው ብሎ ገድሉ መፍቻውን ጨበጠ። አንዋር ግን እንደ ልጅ እጅ ነሳው።

«ሐይቁ መሀል ወጥቼ ሞከርኋት። አቤት ድምፅ! ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይጮኻል።»

«እሱ… ብረቷ ምናልባት…»

«ኧረ የለም! እንዲያውም እንዲህ ይሻላል። እጅዎ ይባረክ፣ ጋሽ ገድሉ።» ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ገድሉ ያን ቀን ማሽኑን አላስነሳም። ጩኸቷን ሊያስቀር የመጣ ሰው በጩኸቷ የሚደሰተው ለምንድን ነው? ቢያወጣ ቢያወርድ አልገባው አለ፤ ብቻ ፈራ። «ለከሪማ እነግራታለሁ» ብሎ ለራሱ ማለ። በማግስቱ የጎረቤቱ የወልደ ጻድቅ ልጅ ሰርግ ነበር። ጎረቤት ሆኖ ከሰርግ መቅረት ነውር ነውና፣ ሙሽራው ገብቶ ምሳ እንደተበላ በቀጥታ ወደ ከሪማ እሄዳለሁ፣ አለ።

ሰርጉ የጥር ሰርግ ነው፤ ድንኳኑ ከሐይቁ በላይ ካለው ሜዳ ላይ ተተክሏል። ሙሽራው ማልዶ እንደሚደርስ ስለተነገረ ሰዉ ከጠዋቱ ሞልቷል። ወልደ ጻድቅ ነጭ ለብሶ ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ ፊቱ ላይ ግን ቅሬታ አለ። ሙሽራ ሲመጣ ጥይት ይተኮሳል፤ ካልተተኮሰ ሰርጉ ሰርግ አይመስልም፣ የልጅቱም ቤተሰብ ሰው የሌለው ይመስላል። ዘንድሮ ግን መተኮስ ተከልክሏል፤ ጠብመንጃ ያላቸው ዘመዶቹም ፈርተው ቀርተዋል። «እንዲያው ልጄን በዝምታ ልድራት?» እያለ ለገድሉ ያጉረመርም ነበር።

የመኪኖቹ ጥሩምባ ተሰማ፣ ከበሮው ተመታ፣ ሴቶቹ ወደ በሩ ወጡ። በዚያች ቅጽበት ከታች፣ ከውኃው ዳር፣ ተተኮሰ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ያ ሰፈር ሰምቶ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። ከዚያ ሴቶቹ በአንድ አፍ «እልልልል!» አሉ። ከበሮው ደመቀ፣ ጎረምሶቹ ሆ ብለው ዘለሉ። ወልደ ጻድቅ በደስታ ዕንባው መጣ።

«ማነው እንዲህ ያከበረን?» አለ። «ማነው? ስሙን ንገሩኝ!»

ገድሉ ስሙን ያውቅ ነበር። ድምፁንም ያውቀዋል፤ በገዛ እጁ ያስተካከለው ነው። አንዋር ለምን እንደተደሰተ አሁን ገባው። ሰው በጥር ወር ለሚሰማው ጥይት አይደነግጥም፤ በጮኸ ቁጥር ሰርጉ ይደምቃል። ብድግ ብሎ «ሰርግ አይደለም! ሰው ነው! ሰው እየገደለ ነው!» አለ። በሕይወቱ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ከበሮውና እልልታው ዋጡት፤ አጠገቡ ያለው ሰው የሚያቅራራ መስሎት ትከሻውን አቅፎ አብሮት ይጨፍር ጀመር። ሁለተኛው ጥይት ተተኮሰ። ሁለተኛው እልልታ ከመጀመሪያው በረታ።

ሰዉን ገፍትሮ ወጣና ቁልቁል ሮጠ። የተከተለው አልነበረም። ውኃው ዳር ሲደርስ የአንዋር ጀልባ ተሳፋሪውን ጭኖ ርቋል። ከሪማ ሁልጊዜ ከምትቆምበት ቦታ በጎኗ ተኝታለች፤ ሐፍሳ የእናቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ገድሉ አጠገቧ ተንበረከከ። ሐፍሳ ቀና ብላ አየችው፤ ድምፅዋ አልቆ ነበር።

«ጮኽሁ እኮ፣ ጋሽ ገድሉ» አለችው። «ድረሱልኝ እያልሁ ጮኽሁ። እናንተ እልል አላችሁ።»