ያገኘ ራሱ ይልቀቅ

በአይስላንድ ጫፍ በምትገኘው ደሴታችን የምትኖሩ፣ ጀልባ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ጆሯችሁን ስጡ። ቁመቷ ከዓሣ በርሜል እምብዛም የማይበልጠው፣ ዕድሜዋን በፋብሪካ ዓሣ ስትበልት የፈጀችው የኬቲል ልጅ ኦድኒ ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ ሰው መሆኗ ታውጇል። ማኅተሙ የዓሣ ቅርፊት ነው።

ኦድኒን የማያውቅ የለም፤ ቆሞ የሚያናግራት ግን ጥቂት ነው። ማታ ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ እሷ ቅቤ የተቀባ ደረቅ ዓሣዋን ይዛ ገደሉ አፋፍ ላይ ትወጣና ኦርካዎቹን፣ እነዚያን ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎች ትጠብቃለች።

«ባል ብትጠብቂ አይሻልሽም?» ይሏታል ሴቶቹ።

«የእናንተን ባሎች አየኋቸው እኮ። ኦርካው ይሻለኛል።»

አንድ ቀን ልሳለቅባት ተከትያት ወጣሁ። ገና ሳልቀመጥ ባሕሩ ተሰነጠቀና ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የጀርባ ክንፍ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ትንፋሻቸው እንደ ጥይት ይጮኻል። እናቲቱ ከፊት፣ ግልገሏ ጎኗ ተለጥፎ፣ የዓሣውን መንጋ እንደ በግ እየነዱ ከእግራችን ሥር አለፉ። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ኦድኒ ደግሞ ዓሣዋን እያኘከች «አሁንስ ተሳለቅ» አለችኝ።

ያ ግልገል ነው ባለፈው የበጋ ማብቂያ በካፒቴን ስኩሊ መረብ የገባው። ስኩሊ ኦርካ እያዘለሉ በትኬት ለሚያሳዩበት የውጭ አገር መዝናኛ ገንዳ ሊሸጠው ወደቡ ጥግ ላይ በመረብ አጠረበት። ዘመዶቹ ከወደቡ አፍ ውጭ ወዲያ ወዲህ እያሉ ቀሩ። የእኛ ሊቃውንት ማለትም ቡና ቤት የሚውሉት ሁሉ ተሰብስበው ፈረዱ።

«ምን ጎደለበት? ዓሣ በነጻ፣ ሐኪም በነጻ» አለ ባለሱቁ።

«እስር ቤትም እንዲሁ ነው፤ አንተ ለምን አትገባም?» አለችው ኦድኒ። «የገንዳ ኦርካ ፎቶ አይተሃል? ክንፉ እንደ ረጠበ ካልሲ ተጋድሟል። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ግድግዳ ይዞራል።»

ማን ይሰማታል? ግልገሉን የምትወስደው መርከብ በሳምንቱ ልትመጣ ነው።

ወቅቱ ደግሞ የባሕር ወፍ ጫጩቶች የመንደሩ መብራት እያሳታቸው መንገድ ላይ የሚወድቁበት ነበር። የደሴታችንን ሕግ ታውቃላችሁ፦ ጫጩት ያገኘ ሰው በነጋታው ገደሉ ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ወደ ባሕር እንድትበር ይወረውራታል። ቤቱ ያስቀራት ቢኖር ልጁን የሚያገባለት የለም። በዚህ ሕግ ከስኩሊ የበለጠ ጥብቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ጠዋት መንደሩ በሞላ ገደሉ ላይ እያለ ያገኛትን ጫጩት ወረወረ፤ ወፏም ክንፏን ዘርግታ በረረች። ተጨበጨበለት።

«ስኩሊ፣ አንድ ቀርቶሃል» አለች ኦድኒ።

«ሳጥኔ ባዶ ነው፣ አንቺ ሴት።»

«ወደቡን ማለቴ ነው። የጠፋ ልጅ አግኝተህ አጥረህ አስቀምጠሃል።»

«እሱ ወፍ አይደለም።»

«አይደለም። ወፍማ እናቷ ደጅ ቆማ አትጣራም።»

ሰዉ ሳቀ። ስኩሊም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ እናቱ አስጌርዱር ከዘራዋን ተመርኩዛ መጣች።

«ልጄ፣ በእኛ ቤት ያገኘውን ያስቀረ ማን ነው?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ንግድ ነው…»

«ማን ነው አልኩህ?»

የካፒቴኑ ጆሮ እንደ አዋቂዎቹ ወፎች ቀይ ምንቃር ቀላ። ወረደ፤ እኛም ተንጋግተን ወረድን። ቢላውን አወጣና የመረቡን ገመድ በጠሰ። ግልገሉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከውጭ እናቱ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ እሱ ያን ጊዜ እንደ ቀስት ተወረወረ። ወደቡ አፍ ላይ ተገናኙ፤ መንጋው ሁሉ ከውሃው ዘሎ ወጣ፣ ባሕሩ ፈላ። እኔ ሁሉን የማሾፈው ሰውዬ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። አጠገቤ የቆመውን አቅፌ ነበር፤ ለካ ባለሱቁ ነው።

ኦድኒ ብቻ አልዘለለችም። «ያኛውስ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሌላ ጀልባ ሌላ ግልገል ሸጧል፤ ወዴት እንደ ሄደ የነገረን የለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያኛው ግልገል የገባበት ገንዳ ባንተ ከተማ ሊሆን ይችላልና አደራ፦ ጭብጨባው ሳይጀመር ተነሥተህ «የዚህ ልጅ እናት የት ቀረች?» ብለህ ጠይቅልን። ከመለሱልህ መልሱን ላክልን። ካልመለሱልህ ግን፣ አንተም ተመልሰህ ከመቀመጥህ በፊት እባክህ ትኬትህን መልሰህ ውጣ።