የወንድሜን ፊት ስስል

ታላቅ ወንድሜ የመጀመሪያውን የሰው ፊት ሥዕሌን አናቴ ላይ ነው የሰበረው። ፊቱ የራሱ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጠጥቶ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተኝቶ አገኘሁትና፣ የተኛ ሰው አይነቃነቅም ብዬ ሳልኩት። ሲነቃ አየው። «አፍንጫዬን ድንች አደረግሽው አይደል?» አለና ወረቀቱን ከነሰሌዳው አንስቶ ሰበረብኝ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የምመታ ሰው አይደለሁም፤ ክንዱን ነከስኩት። በጥፊ አጮለኝ፣ ጆጉን ከነውሃው ወረወርኩበት። አከራያችን በሩን እየደበደቡ «ኧረ በሕግ አምላክ!» እስኪሉ ድረስ ተናነቅን። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እኔ አርባ ምንጭ ኮሌጅ ገብቼ ሥዕል እማራለሁ። እሱ ከታናሽ ወንድማችን ጋር ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለማል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እናታችን ተራራው ላይ ባለችው መንደራችን ኦቾሎ ነች። የሚመታኝም እሱ ነው፣ የሚያስተምረኝም እሱ ነው። ሙዝ የተሸጠ ቀን እርሳስና ወረቀት ገዝቶልኝ ይመጣና፣ «እንኪ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ድንች ታደርጊ ይሆን!» ይለኛል። ሲስቅ ደስ ይላል። ሲጠጣ ግን ሌላ ሰው ነው።

ኮሌጅ ውስጥም ሰላም አልነበረኝም። የምስላቸው ሰዎች በሙሉ ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ባጃጅ ነጂውም፣ ሻይ ሻጯም፣ ሁሉም የሆነ ነገር ሰምተው የደነገጡ ይመስላሉ። መምህራችን አንድ ቀን ሥዕሌን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተማሪው ሁሉ እያየ በቀይ ፓርከር ሰረዘበት። «አንቺ ልጅ፣ ዓይኑን ተይው፣ የትም አይሸሽም። መጀመሪያ አጥንቱን ፈልጊ» አለኝ። በንዴት እርሳሴን ለሁለት ሰብሬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ግን በስባሪው ስስልና ሳጠፋ ዋልኩ፤ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ተበሳ።

እጄ የተፈታው በሙታን ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የቅርብ ዘመዱ ምስሉን ይዞ በአልቃሹ ፊት የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል። የገጠር ሰው ደግሞ ከቀበሌ መታወቂያው በስተቀር ፎቶ የለውም። ዘመዶቹ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለዋን ጉርድ ፎቶ ያመጡልኛል፣ እኔ በቋሚና አግድም መስመር ከፋፍዬ አሳድጋታለሁ። ብዙ ሟች አሳድጌያለሁ። ሥራው መስመር መቁጠር ስለሆነ አያስለቅስም፤ ሟቹም አፍንጫዬ ተበላሸ ብሎ አይማታም። ሕያው ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ግን የምቆጥረው መስመር ይጠፋኝ ነበር።

ወንድሜ የተገደለው በበጋ ነው፤ ቦዩ ሲቀጥንና ሰው ሁሉ ሲነጫነጭ። በእኛ የውሃ ተራ ከጎናችን ያለው ማሳ ባለቤት ልጅ ቦዩን ወደራሱ ቀልብሶ አገኘው። ተሰዳደቡ። ቀድሞ የተማታው ወንድሜ ነው፤ በዶማ እጀታ ጀርባውን አለው። ያ ልጅ ሙዝ የሚቆርጥበትን ገጀራ ይዞ ነበር። አንዴ ፊቱን፣ አንዴ አንገቱን። ታናሽ ወንድሜ ከማሳው ጥግ ሮጦ ሲደርስ ታላቅ ወንድማችን ቦዩ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ፣ ደሙ ከውሃው ጋር ወደ እኛ ሙዝ እየገባ ነበር። ገዳዩ በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ።

ሆስፒታል ጨርቁን ገልጠው አሳዩኝ። ከቅንድቡ እስከ አገጩ ተከፍሏል፣ ጥርሱ በጉንጩ በኩል ይታያል። ነርሷ ልትይዘኝ መጣች፤ የምወድቅ መስሏት። አልወደቅኩም። ቆሜ ቁስሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ጠርዙ እንደሚጠቁር በዓይኔ እየለካሁ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ።

አስከሬኑን ኦቾሎ አውጥተን ቀበርነው። ትልቁ ለቅሶ ለማግስቱ ተቀጠረ። ምስል ያስፈልጋል። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ስለነበር የቦዩ ውሃ ፎቶውን ልጦ ወስዶታል። የአባቴ ወንድም፣ ከአባቴ በኋላ የቤታችን አዛዥ የሆነው አጎቴ፣ ባዶዋን ካርድ አገላብጦ አየና መለሰልኝ።

«ፎቶ ከሌለ አንቺ ትስይዋለሽ። ከነቁስሉ ነው የምትስይው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከነቁስሉ?»

«አገር ይየዋ! እንዴት አድርገው እንደሰጡን ይይ! ደሙን ሳያይ ወጣቱ በምን ይነሳል?»

ይህን ሲል የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ገጀራውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ የተቀመጠውን ታናሽ ወንድሜን ነው። ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። የገዳዩ አባት ከቁልቁለቱ ሥር ባለው መንደር ይኖራሉ። ነገ ምስሉ ሜዳውን ከዞረ በኋላ ወንዶቹ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ከፊት የሚሄደው ታናሽ ወንድሜ ነው። ወይ ገድሎ ይታሰራል፣ ወይ ይሞታል። አጎቴ አስገደደኝ ብዬ አልዋሽም። እኔም ፈልጌያለሁ። ውስጤ እሳት ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳልኩ። መስመር አላሰመርኩም፣ አልሰረዝኩም፤ እጄ አንድም ቦታ አላመነታም። የተቆረጠው ሥጋ፣ የሚታየው ጥርስ፣ የተሸበሸበው ቆዳ፣ ሁሉም ወጣ። እስከዚያ ቀን ከሳልኩት ሁሉ የሚበልጥ ሥዕል ነበር። መምህሬ ቢያየው ይኮራብኛል ብዬ አስቤያለሁ፤ ወንድሜ በተቀበረበት ቀን።

እናቴ በማለዳ ገብታ አየችው። መጥታ በጥፊ መታችኝ፤ እስከዛሬ በእሷ እጅ ተመትቼ አላውቅም ነበር።

«አንዱን በሉብኝ» አለች። «ሁለተኛውን ደግሞ አንቺ ልታስበዪብኝ ነው? ለዚህ ነው የተማርሽው?»

«ታዲያ ከየት አምጥቼ ልሳለው!» ብዬ ጮህኩባት። «ፎቶ የለ! ምን የለ! ያየሁት ፊት ይሄ ነው!»

ሄዳ የፊት ለፊቱን በር ቀረቀረች። የጓሮውን በር ከፈተችና ብርሃኑ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋችው።

«እኔን አይተሽ ሳይው። ከልጆቼ ሁሉ እኔን የሚመስል እሱ ነው።»

እናቴ ለእኔ ተቀምጣ አታውቅም። ስንቴ ለምኛታለሁ! ሁልጊዜ ሥራ አለባት፣ ሁልጊዜ «ሂጂ ወዲያ፣ የአሮጊት ፊት ምን ያደርግልሻል» ትለኛለች። አሁን ልጇን በቀበረች ማግስት፣ ደረቷን እየደቃች ደጅ መዋል በሚገባት ሰዓት፣ እንደ ድንጋይ ተቀመጠችልኝ። አልቃሾቹ ሴቶች በሩን ይመታሉ። «ምን ሆነች? ራሷን ልታጠፋ ነው እንዴ? ክፈቺ አንቺ!» ይላሉ። አንገቷን አላዞረችም።

ዓይኗን ትቼ አጥንቷን ፈለግኩ። ጉንጯ ላይ ያለው ወጣ ያለ አጥንት የእሱ ነው። መንጋጋዋ የእሱ ነው። ያ ድንች ያደረግኩት አፍንጫ ይኸውና እሷ ላይ ተቀምጧል፤ ድንችም አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕያው ሰው ፊቴ ተቀምጧል፣ ዛሬ ለማስተምራቸውም አሳያለሁ፤ የሰው ፊት ማየት የጀመርኩት ግን ያን ጠዋት ነው። በፊት መስመር ቆጣሪ ነበርኩ።

ግራ ቅንድቧ ጋ ስደርስ እርሳሴ ቆመ። እዚያ ጋ ቅንድቧ በጠባሳ ለሁለት ተሰንጥቋል። አንድ የመስቀል ሰሞን ሰክሮ መጥቶ በርጩማ የወረወረባት እሱ ነው። ለሰው ወድቃ ነው ብለን ነበር።

ሳትነቃነቅ፣ «እሱን ተይው» አለችኝ። «እሱ የእኔ ነው።»

ያኔ አለቀስኩ። ከሆስፒታሉ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወጣኝም ነበር። ጠልቼዋለሁ፣ እጁ ይሰበር ብዬ ረግሜዋለሁ፤ እንዲመጣና በጥፊ እንዲያጮለኝ ደግሞ ተመኘሁ። እናቴ «ወረቀቱ ይረጥብብሻል፣ ጨርሺ» ብላ ተቆጣችኝ። ጨረስኩና ኮምፔንሳቶ ላይ ለጠፍኩት። ከማሳ ገብቶ እግሩን እየታጠበ፣ ሳይጠጣ በፊት የሚያወራው ወንድሜ ነበር።

በሩን ስንከፍት ቀድሞ የገባው አጎቴ ነው። አየው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ቁስሉስ?» አለ። ዓይኑ ክፍሉን ዞሮ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን የትናንቱን ሥዕል አገኘ። «ይሄው! ይሄ ነው እንጂ!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ቀደምኩት። ነጥቄ ለሁለት ቀደድኩት። ደርቤ ቀደድኩት። በዱላው ትከሻዬን አለኝ፤ አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁት። «ይግደሉኝ! ደግሜ አልስለውም!» አልኩ። ደግሞ መታኝ። ወድቄም ወረቀቱን በጥርሴ ጭምር እቀድ ነበር፣ አንድ የሚታይ ነገር እንዳይተርፍ።

አጎቴን ተከትሎ የገባው ታናሽ ወንድሜ ገጀራውን ይዞ ተነሳ። ለማን እንደተነሳ አላወቅኩም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። እናቴ ኮምፔንሳቶውን አንስታ ደረቱ ላይ አስጠጋችለት።

«ያዝ። የወንድምህን ምስል የምትይዘው አንተ ነህ።»

በአንድ እጁ ሊቀበላት ሞከረ።

«በሁለት እጅህ!» አለችው።

ገጀራው መሬት ወደቀ። አጎቴ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እናቴ በባዶ እግሯ ስለቱ ላይ ቆመች። ከተረከዟ ደም መጣ፤ ከላዩ አልወረደችም። አጎቴ ተራግሞ ወጣ።

ሜዳው ላይ ወንዶቹ ጦራቸውን እየነቀነቁ ይሮጣሉ፣ እየፎከሩ ይመለሳሉ፣ አቧራው ሰው አያሳይም። ታናሽ ወንድሜ ምስሉን ይዞ በመሃል ይዞራል። አጎቴ «ደሙ የት አለ? የዚህ ልጅ ደም የት ገባ?» እያለ ይጮኻል፤ ወጣቶቹም ይመልሱለታል። ሦስተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ሽማግሌዎች ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። እያንዳንዳቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። ከመሃላቸው አንዱ ራሳቸውን አልሸፈኑም፣ የገዳዩ አባት ናቸው።

ጩኸቱ ሰማይ ነካ። ድንጋይ ተወረወረ፤ አንዱን ሽማግሌ አፋቸውን መታቸው፣ ደም ተፉና እንደያዙት ሳሩን ይዘው ተንበረከኩ። ሁሉም መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፣ ሳሩን ፊታቸው ዘረጉ። ያንን ሳር እኛ ዘንድ ሰው አይሻገረውም፤ የተሻገረ ከሰው ተራ ወጥቷል። ግን የሟቹ ወንድም ከተሻገረ ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይሻገራል። ሰዉ ሁሉ እሱን አየ። ታናሽ ወንድሜ ከሳሩ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። የሟች ምስል መሬት አይቀመጥም፤ እንዳይወረውረው ወንድሙ ነው፣ እንዳያስቀምጠው ነውር ነው።

የገዳዩ አባት ቀና አሉ። ምስሉን እስኪበቃቸው አዩት።

«እናቱን ነው የሚመስለው» አሉ። ከዚያ ለእኛ ሳይሆን ለምስሉ፣ «ልጄ ነው የገደለህ። የወለድኩት እኔ ነኝ» አሉት።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጣች፤ ሴት ወደዚያ አትወጣም። እያነከሰች ሄዳ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከችና የዘረጉትን ሳር ለእርቅ ተቀበለች። ታናሽ ወንድሜ ምስሉን እንዳቀፈ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ጦሮቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ። አጎቴ ብቻውን ትንሽ ፎከረ፣ ከዚያ እሱም ዱላውን አወረደ።

እኔ ትከሻዬ አብጦ፣ እጄ በእርሳስ ጠቁሮ ከኋላ ቆሜ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በመትረፉ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ልጆች አሉት፣ ኩልፎ ሙዝ ያለማል። ግን የሞተው የእኔም ወንድም ነው። እናቴ ሳሩን ስትቀበል ታናሽ ወንድሜን አየችው፣ አጎቴን አየችው፣ ወደ እኔ ግን ዞር አላለችም። ብታየኝ ኖሮ እምቢ እላት ነበር።